ጭረት

ሮስሌር ወደብ፣ ሰባተኛው ረድፍ።
ካፊያው ከሰማይ አይደለም፣ ፊንታን፤ ከባሕር ተነሥቶ አግድም ነው የሚያልፍ።
ከፊቴ ሁለት ፈረስ የጫነ መኪና፣
ጭራቸው በፍርግርጉ ሾልኮ ይወዛወዛል፤ ገና
ሳይሳፈሩ ባሕሩን የጠሉ ይመስላል።
ከኋላዬ ያ ቤታችን፣ ባለ ሁለት ጎማው፣ ዝም ብሎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ወረቀትህን አላነሣሁትም፤
ከቁም ሣጥኑ በር ጀርባ ነው፣ ዳርና ዳሩ ቢጠቀለልም
በአናጢ እርሳስህ የጻፍከው ሁሉ ይነበባል፦
ጋዙ ይዘጋል።
የፍሪጁ በር ይቆለፋል።
የጣሪያው መስኮት ይወርዳል።
ድመት ካለች ትወጣለች።
ድመት ኖሮን አያውቅም፤
ጮክ ብለህ ባነበብከው ቁጥር እስቅ ነበር፤ ዛሬ አነበብኩት፣ አልሳቅኩም፣
ግን ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር አየሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት የእኔ ሥራ ከውጭ ነበር፣
ከኋላ ቆሜ፣ በዝናብ፣ እጄን ሳወናጭፍ፦ ሁለት ክንድ፣ አንድ ክንድ፣ ስንዝር።
አንተ በስፖኪዮ ታየኛለህ፤ እኔ የማየው የቤቱን ጀርባ።
ሮስኮፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጎማው ከጭቃ ሲገባ
«ግራ ያልሽው የማንን ግራ ነው?» ብለህ ጮኽክብኝ፤
ሁለት ቀን ሙሉ ጨው ስትፈልግ እንኳ በጣትህ ነበር የምታሳየኝ።
አትካድ።

ዛሬ የስፖኪዮውን ማራዘሚያ ራሴ አሰርኩ፤
ከኋላዬ የሚያወናጭፍ ሰው ፈለግሁ፣ ውሃ ብቻ አየሁ።

ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ልጅ መጣ፣ አፍንጫው በብርድ የቀላ፣
«እናቴ፣ ቦታው ጠባብ ነው፤ የምትገቢው ወደ ኋላ።»
መስኮቴን አወረድኩ። «ወደ ኋላ የሚያውቀው ሞቷል» አልኩት።
ዝም አለ። ሌላ የምጨምረው ያለ መስሎት
ጠበቀ። ከዚያ በራዲዮው የሆነ ነገር ተናገረ፤
ፈረሶቹን አስቆመ፣ አይብ ጫኙን አስቆመ፣ መንገዱ ለእኔ ብቻ ቀረ።

መወጣጫው ብረት ነው፤ ማዕበሉ በነካው ቁጥር
ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ ተኛ ከብት ሆድ። አንደኛ ማርሽ። ፍሪሲዮኑ ሲጨስ፣ ሲያር
ሸተተኝ፤ ያ የምትሳደብበት ሽታ።
የፊት ጎማ ወጣ፣ የኋላው ወጣ፣ ቤቱ ተንጋሎ ተከተለ፤ ሹካና ማንኪያው ሲንጫጫ፣ ሲንገላታ
በጀርባዬ ሰማሁ። ልጁ የኋሊት እየሄደ ይጠራኛል፣
«ነይ፣ ነይ፣ ነይ፤ ትንሽ ወደ ግራ» ይለኛል።
የማን ግራ?
አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ሞከርኩ።

ሌሊቱን የላይኛውን አልጋ ለካፖርቴ ሰጠሁት።
ቤታችን ከስሬ ነው፣ ስድስት ፎቅ ወርዶ፣ በሰንሰለት አስረውት፣
መብራቱ ጠፍቶ። ባሕር ላይ ሳለን ወደዚያ መውረድ ክልክል ነው፤
በሩ ተቆልፏል፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ገፋሁት፣ ያው ነው።

ሼርቡር። ጭጋግ። የመርከቡ አፍ ተከፈተ።
ባሕሩ ጎድሎ መውረጃው ገደል ሆኗል፤ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ወረደ።
ውሃው ከጎደለ በሰያፍ ይወረዳል፤ አለዚያ ጭራው መሬት ይልሳል፦
የመጨረሻው መስመርህ ይላል።
ሰያፍ የሚሆን ቦታ ግን አልተውልኝም፤ ቀጥ ብዬ ወረድኩ።
ግርርጭ።
ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ጥግ አቁሜ አየሁት። የአንተ ጭረት በግራ በኩል፣ ዝጎ፣
«ባሕሩ ፈረመልን» ብለህ ቀለም ያልነካኸው፤ የእኔ በቀኝ፣ ነጭ፣ በጣቴ ስዳብሰው ገና ለብ ብሎ።
ለካሁት።
የእኔው በሁለት ጣት ይረዝማል።

በቀኝ ነው፣ በቀኝ፣ በቀኝ እያልኩ
የመጀመሪያው አደባባይ ላይ በግራ ገባሁ።
ባለ ፈረሶቹ ጡሩምባ ነፋብኝ፤ እኔም መልሼ ነፋሁበት፣
እስኪበቃኝ ድረስ፣ አንተ ተናድደህ እንኳ እንዲያ ነፍተህ በማታውቅበት።

አሁን ከመንገዱ ዳር ነኝ፣ እንቁላል መቀቀል አማረኝ።
ምድጃው እምቢ አለ። ወረቀትህን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ጨነቀኝ፤
ስለ መዝጋት ነው ሁሉም።
ጋዙ ወዴት እየዞረ እንደሚከፈት አንድ ቃል የለበትም።